ቁስቋም፦ የቋራዋ እቴጌ ቤት በቆላው መንገድ አፍ

ከአብርሃ ጅራ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ሰሊጡንና ማሽላውን፣ የቆላውንም ወበቅ ወደኋላ ትቶ በሳንጃና በትክል ድንጋይ በኩል ደጋውን ይይዛል። ከመተማ የተነሳው ደግሞ ገንዳ ውኃንና አይከልን አልፎ በአዘዞ ይገባል። ሁለቱም ጎንደር ሲደርሱ ጉዳያቸው ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት ነው። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ተራራው ሥር ፈርሶ የቆመውን የድንጋይ ቤት ለማየት ጊዜ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ያ ቤት ቁስቋም ይባላል። ያሠሩት እቴጌ የቋራ ልጅ ናቸው። ወርቅ፣ በመጨረሻም እሳት የመጣበት፣ እንግዳም የሄደበት በእኛ በቆላው መንገድ ነው። ብዙዎቻችን የእቴጌ ምንትዋብን ስም፣ የጄምስ ብሩስን ጉዞ፣ የደርቡሽን ቃጠሎና የዐፄ ዮሐንስን የመተማ ሞት ለየብቻው ሰምተናል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ግቢ በር ያለፉ ናቸው፤ ታሪኩን ከቤቱ ጀምሬ የምተርከውም ለዚህ ነው። ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1713 እስከ 1725፦ ከቋራ የመጡ ሙሽራ

ዐፄ በካፋ በ1713 ሲነግሡ ጎንደር ሰማንያ ዓመት ያህል መናገሻ ሆና ቆይታለች። በካፋ ቁጡና ተጠራጣሪ ነበሩ፤ ማንነታቸውን ደብቀው አገር ለአገር መዞር ይወዱ ነበር ይባላል። በትውፊት የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ንጉሡ እንደ ተራ መንገደኛ ሆነው ቋራ ሲዞሩ ንዳድ ይይዛቸዋል። አንድ ቤት ተቀብሎ ያስተኛቸዋል። የቤቱ ልጅ ታስታምማቸዋለች፤ ሲድኑ ጎንደር ተመልሰው አጅበው እንዲያመጧት ይልካሉ። የቆላ ንዳድ ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ታሪክ ለማመን አይከብድም።

ይሁንና ሙሽራይቱ ከሜዳ የተገኙ አልነበሩም። አባታቸው ደጃዝማች መንበር የደምቢያ ሹም ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ደግሞ ዘራቸውን ከዐፄ ሚናስ ይቆጥሩ ነበር። ክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሆነ፤ ሕዝቡ ግን ውበታቸውን አይቶ ያወጣላቸው ምንትዋብ የሚለው ስም ጸና።

በካፋ በ1723 መስከረም ላይ ሲሞቱ ወራሹ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናትየው ሥልጣኑን ለሌላ አላስነጠቁም። በዚያው ዓመት ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር እኩል ነገሡ። ወንድማቸው ወልደ ልዑልና ሌሎች ዘመዶቻቸው ከቋራ መጥተው ሹመቱን ያዙ። ከዚያ ወዲህ በጎንደር ቤተ መንግሥት "ቋረኛ" የሚለው ቃል የወገን ስም ሆነ። ልጁ ንጉሥ ራሳቸው በታሪክ ቋረኛ ኢያሱ ተብለው ቀርተዋል።

ይህን ያልወደዱ መኳንንት በ1725 ዐመፁ፤ እናትና ልጅ በፋሲል ግቢ ውስጥ ተከበቡ። ከበባው ተሰብሮ ቢተርፉም፣ ያ ጊዜ ከእቴጌዋ ልብ የወጣ አይመስለኝም። ነገሥታቱ አንዱ ከሌላው ጎን ቤት እየሠሩ ያጣበቡት ግቢ በከተማው መካከል ነው፤ ከተማው ሲከዳ መውጫ የለውም። ምንትዋብ በዚያ ግቢም የራሳቸው ሕንፃ አላቸው። ልባቸው ያረፈበትን ቤት ግን ከከተማው አውጥተው፣ የአገራቸው መንገድ በሚደርስበት ተራራ ሥር አሠሩት።

ከ1725 እስከ 1747፦ ደብረ ፀሐይ

ቁስቋም የግብፅ ተራራ ስም ነው። እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ ልጇን ይዛ የተቀመጠችበት ነው፤ ጽጌ ሲያልቅ ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው ለዚሁ ነው። ገና በሕፃንነቱ ዘውድ የተጫነለትን ልጅ ከጠላት የሸሸገች እናት ለደብሯ ይህን ስም መምረጧን ሳስብ፣ ምርጫው ከሥርዓት ይልቅ ከሕይወት የወጣ ይመስለኛል።

ቦታው ደብረ ፀሐይ ተባለ። ግንቡ በድንጋይና በኖራ ተሠራ። በመስኮቱና በግድግዳው ላይ ቀላ ካለ ለስላሳ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች ተለጠፉ፤ እነዚያ መስቀሎች ዛሬም ከጥቁሩ ግንብ ላይ ደምቀው ይታያሉ። የግብር አዳራሽ፣ የእቴጌዋ መኖሪያና ክቡ ቤተ ክርስቲያን ማማ ባለው ቅጥር ተከበቡ።

ቤቱን በጉልምስናው ዘመን ያየው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ብሩስ ግቢውን ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆጠረ ገልጾታል። የመጀመሪያው ቅጥር ዙሪያው ከአንድ ማይል በላይ ነው፤ በዚያ ወታደሩ፣ ሠራተኛውና የውጭ አሽከሩ ይኖራል። በሁለተኛው ሹማምንቱና ካህናቱ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እዚያ ነው፤ መንበሩ በወርቅ ተለብጦ፣ ነጋሪቱ ከብር ተሠርቶ፣ በአገሩ ካለው ሁሉ ባለጠጋ ተብሎ የሚወራለት። ሦስተኛው የእቴጌዋና የደንገጡሮቻቸው ብቻ ነው። ከቤቱ በላይ ዳገቱ ላይ የዘመዶቻቸው ቤቶች ተሰልፈዋል። ከዚያም ለእኔ ከወርቁ ሁሉ የበለጠውን ነገር ጻፈ፦ በተራራው ምሥራቅ የወልቃይት መንገድ ይወርዳል፣ በምዕራቡ የቋራና የራስ አል ፊል። ራስ አል ፊል ማለት የዛሬው የመተማ አገር ነው። የቆላው መንገድ ሁሉ ከዚህ ቤት ጎን ያልፍ ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት በግንብ ብቻ አይቆምም። ስንት ካህን፣ ስንት ደብተራ፣ ስንት አሽከር በየቀኑ እንጀራ ይፈልጋል። እቴጌዋ ለደብሩ ሰፊ ጉልት ሰጡ። በጎንደር አካባቢ ሪም የሚባለው የመሬት ሥርዓትም እንዲህ ያሉ ደብሮችን ተከትሎ ደረጀ፤ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት እየከፈሉ፣ ወይም ቄስና ደብተራ እየተኩ፣ መሬቱን ይይዛሉ፣ ያወርሳሉ፣ ይሸጣሉም። ሴቶች በስማቸው ርስት ከያዙበት መንገድ አንዱ ይህ ነው። ወጪው ግን ከደምቢያና ከአካባቢው ገበሬ ጫንቃ ላይ ነበር፤ ግንቡን ባደነቅሁ ቁጥር ይህን እንዳልረሳ እሞክራለሁ።

በ1736 የቤቱ ልጅ ኢያሱ ትልቅ ስህተት ሠሩ። አደንና ሕንፃ እንጂ ጦር አያውቁም የሚለው ሐሜት አንገብግቧቸው ሠራዊት አስከትተው በቆላው ወርደው ሰናርን ወጉ። በዲንደር ወንዝ አጠገብ የሰናሩ ንጉሥ የባዲ ጦር ሠራዊታቸውን ፈጀው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት የሚወርዱት ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው የጌታ ሥዕልና የግማደ መስቀሉ ክፋይ ተማረኩ። ብሩስ እንደጻፈው ሁለቱን ለማስመለስ 8,000 ወቄት ወርቅ ተከፍሏል። ጎንደር ከዚህ ሽንፈት በኋላ በቆላው ድንበር ላይ እንደ ቀድሞው የተፈራች አልሆነችም።

ከ1747 እስከ 1761፦ ሁለት እናቶች

ኢያሱ በ1747 ሰኔ ላይ ሞቱ። ገና ሕፃን የሆኑት ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ አያት ምንትዋብ ለሁለተኛ ጊዜ የሕፃን ንጉሥ እንደራሴ ሆኑ። ይህ ጊዜ ግን እንደ ፊተኛው አልሆነም። የኢዮአስ እናት ውቢት የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበሩ፤ እሳቸውም በተራቸው "ልጄ ነግሦ ለምን አማቴ ትገዛለች" አሉ። ወንድሞቻቸው ጦራቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ። ቀደም ሲል ቋረኞች ያደረጉትን ነው ያደረጉት።

ሁለቱን ወገን ሚዛን ላይ ይዞ ያቆየው የእቴጌዋ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ነበር። በ1759 እሱ ሲሞት ሚዛኑ ተሰበረ። ወጣቱ ንጉሥ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ብርቱ ሰው ፈለጉና ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑልን አስጠሩ። ሽማግሌው ሚካኤል በነፍጥ የታጠቀ ሠራዊት ይዞ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን አልሄደም።

በዚህ መካከል ጦርነት ተነሳ፤ የእቴጌዋ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ባሏን የበጌምድሩን ገዢ ማርያም ባርያን ተነጠቀች፤ ለጠላቶቹ ተላልፎ ተሰጥቶ ተገደለ። ደሙን የሚመልስላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አስቴርም ብዙ ሳትቆይ ሚካኤል ስሑልን አገባች። በግንቦት 1761 ሚካኤል በንጉሡ ላይ ተነሳ፤ ኢዮአስ በሻሽ ታንቀው ሞቱ።  ዘመነ መሳፍንት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።

እስቲ የእቴጌዋን ቤት አስቡት። የልጅ ልጃቸውን የገደለው ሰው የልጃቸው ባል ነው። ምንትዋብ ከተማውን ትተው ቁስቋም ገቡና ማቅ ለበሱ። ለድግስ የተሠራው አዳራሽ የሐዘን ቤት ሆነ።

ከ1762 እስከ 1765፦ እንግዳው

በየካቲት 1762 ጄምስ ብሩስ በምጽዋ በኩል ጎንደር ደረሰ። የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ነው የመጣው። ሲደርስ ከተማው ፈንጣጣ ገብቶበት ነበር፤ ቁስቋም ውስጥ የአስቴር ልጆች ታመው ተኝተዋል። ሕክምና ያውቃል የሚባል ነጭ መጥቷል ሲባል ተጠራ። ብሩስ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፦ የታፈነውን ቤት በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በኮምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የሞቱ አሉ፤ የአስቴር ልጅ አቶ ክንፉ ግን ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁስቋም የብሩስ ቤት፣ አስቴርም ጠባቂው ሆነች።

ብሩስ ከእቴጌዋ ጋር ያደረገው አንድ ጭውውት ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ከየት እንደመጣ ጠይቀውት ኢየሩሳሌምን ማየቱን ሲነግራቸው ተገረሙ። እሱ ያን ቅዱስ ስፍራ ረግጦ ትቶት የመጣው እንደ ምናምን የሚቆጠር ምንጭ ፍለጋ ነው። እሳቸው ግን የነገሥታት እናት ሆነው፣ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው በኢየሩሳሌም ደጅ ለመቀበር ቢመኙ አልተሰጣቸውም።

የራስ ሚካኤል ጉልበት በግንቦት 1763 ሰርባኩሳ ላይ በተደረገው ጦርነት ተሰበረ። በታኅሣሥ 1764 ብሩስ አገሩ ሊገባ ተነሳ። በመጣበት በምጽዋ አልተመለሰም፤ ከቁስቋም ጀርባ በሚወርደው በእኛ መንገድ ነው የሄደው። ለዚህም ስንቅ ነበረው፤ ቀደም ሲል የጊዜው ንጉሥ የራስ አል ፊል ገዢ ብለው ሾመውት ነበር። ቆላውን በስሙ ያስተዳደረለት ያሲን የሚባል እስላም ነው። በጉዞው ላይ ጭርቅን ከሚባለው ቆላ ሲደርስ አስቴርና ልጇ ክንፉ አስቀድመው ወርደው ጠበቁት፤ ዝሆንና አውራሪስ እያደኑ ሸኙት። ከዚያ የዛሬዋ መተማ አካባቢ ደርሶ ሰነበተና ወደ ሰናር አለፈ።

የብሩስን መጨረሻ ብናገር ከቤት ታሪክ የወጣሁ አይመስለኝም። እሱም በስኮትላንድ ኪኔርድ የሚባል የአባቶቹ ርስትና ቤት ነበረው። በ1782 አምስት ጥራዝ መጽሐፉን ሲያወጣ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ውሸታም አሉት። በ1786 በዚያው ቤቱ እንግዳ ሊሸኝ ደረጃ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። እንዲህ ያሉ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ባላባት ቤቶች ከአባት ወደ በኵር ልጅ እየተላለፉ መቶ ዓመታት ይሻገራሉ። የእኛ አገር ቤት ግን ባለቤቱ ሲሞት ግንቡ ለደብሩ ይቀራል፣ ሹመቱ ለጉልበተኛ ይሄዳል፣ ልጆቹም በየአገሩ ይበተናሉ። ምንትዋብ በሰኔ 1765 አርፈው ቁስቋም ተቀበሩ። ልጃቸው ወለተ እስራኤል ጎጃም አግብታ የራስ ኃይሉ እናት ሆነች፤ የእቴጌዋ ደም ብርቱ ሆኖ የቀጠለው በዚያ ነው። ቁስቋም የቤተሰቡ መካነ መቃብር እንጂ መኖሪያ መሆኑ አበቃ።

ከ1765 እስከ 1859፦ ባለቤት የሌለው ግንብ

ስለ ቀጣዮቹ ሰማንያ ዓመታት ብዙ የምለው የለኝም። ነገሥታቱ የስም ሆኑ፣ የየጁ ራሶች ገዙ፤ ጣሪያው ያፈሰሰ ቤተ መንግሥት የሚጠግነው ጠፋ። ቁስቋምን ያቆሙት ካህናቱና ጉልቱ ናቸው። ቆላው ግን በዚህ ጊዜ ሞቀ። ተክሩር የሚባሉት ከምዕራብ የመጡ ሙስሊሞች መተማ ሰፍረው ገበያውን አደረጁት። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅና፣ መናገሩ የሚያሳፍረው፣ ባሪያ በመተማ ይሻገር ነበር።

ከቋራ ደግሞ ሌላ ሰው ተነሳ። ካሳ ኃይሉ በቆላው ሸፍቶ፣ የዘመኑን እቴጌ መነንን ማርኮ፣ በ1847 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከቋራ የወጡት እቴጌ ጎንደርን አስጌጡ፤ ከቋራ የወጡት ንጉሥ በ1859 ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት መቅደላ ወጡ። በ1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ 350 ያህሉን ወደ ለንደን ወሰዷቸው። በዲንደር ተማርኮ በወርቅ የተዋጀው ኵርዓተ ርእሱም በዚያ ዝርፊያ ከአገር ወጣ። ስለ ቴዎድሮስ ስንዘፍን ይህን ገጽ የምናልፈው ይመስለኛል፤ ቋረኛ ብሆንም ባልሆንም ልዘለው አልችልም።

ከ1876 እስከ 1881፦ እሳቱ

የመጨረሻው መከራ ሥሩ አንድ ወረቀት ነው። በ1876 ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር አድዋ ላይ ተዋዋሉ። በሱዳን በመሐዲስቶች (እኛ ደርቡሽ በምንላቸው) የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ተስማሙ፤ መተማ ያለው ጦርም ከዚያ አንዱ ነበር። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። እንግሊዝና ግብፅ ከተገላገሉ በኋላ ምጽዋን ጣሊያን ያዘው፤ የመሐዲስቶቹ ጠላትነት ደግሞ ለኢትዮጵያ ቀረ።

በጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የደርቡሹን አሚር ገደሉ፣ ከተማውን አቃጠሉ። አጸፋው በዓመቱ መጣ። የደርቡሹ ጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት ይዞ ከመተማ ወደ ደጋ ወጣ፤ በጥር 1880 ደምቢያ ላይ ሳር ውኃ በተባለ ስፍራ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ። ጎንደር ተከላካይ አልነበራትም። አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ በአንድ ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ አዳነው ይባላል። ቁስቋምን ያዳነ ንብ አልነበረም። የወርቁ መንበርና የብሩ ነጋሪት የቆሙበት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ግንቡ ጣሪያውን አጥቶ ቀረ። ከወንድ፣ ከሴትና ከሕፃን የተማረከው ሕዝብ ታስሮ በቆላው ተነዳ። አሳዳጊዎቻችን "የደርቡሽ ጊዜ" ሲሉ ድምፃቸው የሚቀንሰው ስለ ግንቡ ብለው አይደለም።

ዐፄ ዮሐንስ ጣሊያንን በሰሜን ትተው ወደ መተማ ገሠገሡ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ጦርነቱ ተደረገ። ሠራዊታቸው ቅጥሩን ጥሶ ድል ሊያደርግ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፣ በማግስቱ ሞቱ። የድሉ ሠራዊት ተበተነ። ንጉሠ ነገሥት በጦር ሜዳ የወደቀው እንግዲህ በእኛ መሬት ነው።

ከ1881 ወዲህ፦ ሣጥኑ

ዙፋኑ ወደ ሸዋ ሄደ። በ1894 በተፈረመው የድንበር ውል ጋላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆኑ፤ ሁለቱን ዛሬ አንዲት ድልድይ ታገናኛቸዋለች። ጣሊያን በ1928 ጎንደር ገባ፤ የራሱን ሠፈር ሠርቶ በኅዳር 1934 እጁን ሰጠ። በዚያ ጊዜ የቆላው መንገድ በአዘዞ ዞሮ ቁስቋም ዳር ቀርቶ ነበር።

የቤቱን የመጨረሻ ሥር የነቀለው ጦርነት አይደለም፤ ሕግ ነው። በየካቲት 1967 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ አወጣ። ጉልትና ሪም በአንድ ቀን ቀሩ። ገበሬው ከሁለት መቶ ዓመት ሸክም ተላቀቀ፤ እኔ በዚህ አላዝንም። ደብሩ ግን ያቋቋመውን ርስት አጥቶ በምእመናን እጅ ቀረ። በ1972 ዩኔስኮ የፋሲል ግቢንና በዙሪያው ያሉ ቅርሶችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁስቋም አብሮ ተመዘገበ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቶ ቅዳሴው ቀጥሏል። ማማው አለ፣ የቅጥሩ ግማሽ አለ፣ ቀላዎቹ መስቀሎችም አሉ። የአዳራሹ ጣሪያ ሰማይ ነው፤ ከውስጡ ሣር በቅሏል። ኅዳር 6 ቀን ከጎንደርና ከገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ ግቢውን ይሞላዋል።

ከቆላ የመጣ እንግዳ አስጎብኚውን ከጠየቀ ወደ አንድ ትንሽ ክፍል ይገባል። እዚያ መስታወት ያለው ሣጥን አለ፤ በውስጡ የሦስት ሰዎች አጽም አብሮ ተቀምጧል፦ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የቋረኛ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው፤ ኢየሩሳሌም ሳይሆን እዚሁ፣ የቋራ መንገድ በሚጀምርበት።